ርስት፣ ሊዝና ታይምሼር

የበረዶው ወራት ሲረዝምብን፣ ከፕሊማውዝና ከአካባቢዋ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ፍሎሪዳ የምንወርድ ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች አይደለንም። እዚያ «የራስዎ የመዝናኛ ቤት» እየተባለ የሚሸጥልን ነገር ምንነቱ ሊመረመር ይገባል።

ዲስኒ ይህን ንግድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ ቤቶችን ከማነጽ ሌላ ነባር ሆቴሎቹንም ወደ ታይምሼር ለውጧል። በ1994 የተከፈተው የዊልደርነስ ሎጅ ከፊሉ በ2017 ኮፐር ክሪክ ተብሎ ለአባላት ቀረበ፤ የግራንድ ፍሎሪዲያን አንድ ሕንፃም በ2022 ተከተለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሆቴል ክፍሉን በየሌሊቱ ያከራያል፤ ታይምሼር ግን የብዙ ዓመታቱን ዋጋ አስቀድሞ ይሰበስባል፣ የጥገናውንም ወጪ በዓመታዊ መዋጮ በገዢው ላይ ያሳርፋል።

ገዢው የይዞታ ሰነድ ይቀበላል፤ የኮፐር ክሪክ ውል በ2068 ሲያበቃ ግን መብቱ ለኩባንያው ይመለሳል። ስለዚህ ነገሩ ከአባቶቻችን ርስት ይልቅ በአዲስ አበባ ለምናውቀው የሊዝ ይዞታ ይቀርባል። ርስት ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሻገር ነበር፤ እዚህ ለልጅ የሚተርፈው የቀረው ዘመን ነው፤ መዋጮውም አብሮ ይከተለዋል።

የፍሎሪዳ ሕግ ለፈረመ ገዢ ውሉን የሚሰርዝበት 10 ቀን ይሰጠዋል። በእነዚያ ቀናት ሁለት ጥያቄዎች ይነሡ፤ ዘመኑ መቼ ያልቃል? መዋጮውንስ የሚወስነው ማን ነው? መልሱን ያወቀ ሰው ቢገዛም ባይገዛም አይታለልም።