ጎልድፊሽን የሚያደምቀው ምግብ

ሲገዛ ደማቅ ብርቱካናማ የነበረ ጎልድፊሽ ቤት ገብቶ ወራት ሲያስቆጥር እየገረጣ ይሄዳል። ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው በሽታን ነው፤ ውሃ ይቀይራል፣ መድኃኒት ይጨምራል። ዓሣው በየቀኑ የሚበላውን ልብ የሚለው ግን ጥቂት ሰው ነው።

በዓሣ ቆዳ ውስጥ ቀለም የሚይዙ ልዩ ልዩ ህዋሳት አሉ። ጥቁሩን ቀለም፣ ሜላኒንን፣ ዓሣው ራሱ ይሠራዋል። ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ የሚያደርጉት ካሮቲኖይዶች ግን ከምግብ መምጣት አለባቸው። እነሱን የሚያመርቱት ዕፅዋት፣ አልጌና አንዳንድ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። ቅጠል ስትለቅም የዋለች የሀበሻ ዶሮ የእንቁላሏ አስኳል ደማቅ ቢጫ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁሉም ዓሣ ያገኘውን በአንድ መንገድ አይጠቀምም። ጎልድፊሽ በበቆሎና ስፒሩሊና በተባለው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ውስጥ ያለውን ዚያዛንቲን የተባለ ካሮቲኖይድ ወደ ቀዩ አስታዛንቲን መለወጥ ይችላል። ሳልመን ግን አስታዛንቲኑን ተዘጋጅቶ ማግኘት ይፈልጋል፤ በእርባታ ያለ ሳልመን መኖው ውስጥ ይህ ካልተጨመረለት ሥጋው ነጣ ብሎ ይቀራል።

ስፒሩሊና ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ በሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅና በስምጥ ሸለቆው ጭቱ ሐይቅ በተፈጥሮ ይበቅላል፤ ፍላሚንጎዎችም ሮዝ ቀለማቸውን የሚያገኙት እሱን ከመሰለ ምግብ ነው። ኮይ የተባለውን የጃፓን ጌጠኛ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎችም ቀዩን ለማድመቅ ስፒሩሊና ያለበት መኖ ይሰጣሉ። ሲበዛ ግን ነጩ የዓሣው ገላ ወደ ሮዝ ያደላል፤ በኮይ ዓለም ደግሞ የነጩ ጥራት ከቀዩ እኩል ዋጋ አለው።

ነገሩ ከውበትም ያልፋል። በትሪኒዳድ ተራራማ ጅረቶች የሚኖረው ጋፒ የተባለው ዓሣ ወንዱ ብርቱካናማ ነጠብጣቦች አሉት። በነጠብጣቦቹ ውስጥ ራሱ የሚሠራው ቀለምና ከአልጌ የሚያገኘው ካሮቲኖይድ ተደባልቀው ይገኛሉ። ጥቅጥቅ ያለ ደን ባጠላበት ጅረት ብርሃን ስለሚያንስ አልጌውም ያንሳል፤ ወንዶቹ የሚያገኙት ካሮቲኖይድም እንዲሁ። በብዙ ጅረቶች ሴቶቹ ብርቱካናማው የደመቀውን ወንድ ይመርጣሉ። ምግብ ያገኘ ወንድ ትዳርም ያገኛል ማለት ነው።

ሰማያዊው ቀለም ሌላ ጉዳይ ነው። ኒዮን ቴትራ የተባለው ዓሣ አንጸባራቂ ሰማያዊ መስመር የሚፈጠረው ብርሃን በሚያንጸባርቁ ጥቃቅን የጓኒን ክሪስታሎች ስለሆነ የትኛውም ቀለም አድማቂ መኖ በቀጥታ አይጨምረውም። ቀለም ለማድመቅ ለሁሉም ዓሣ ይሆናል የሚል ማስታወቂያ ስለዚህ አያሳምንም።

ካሮቲኖይድ በብርሃን፣ በሙቀትና በአየር ይበላሻል። ክዳኑ ሳይገጠም መስኮት ላይ ወራት የከረመ መኖ፣ ዓሣው ቢበላውም፣ የቀለም ጉልበቱ ተሟጧል። በትንሽ በትንሹ መግዛትና ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ከድኖ ማስቀመጥ ይሻላል። ለውጡ በቆዳው ላይ እስኪታይም ሳምንታት ይወስዳል።

በገበያው ግን ቸኩለው የሚያደምቁም አሉ። ገና ያልጎለመሱ ዓሦችን የወንዴ ሆርሞን እየመገቡ ቀለማቸውን ያለጊዜው ያወጡታል፤ ሆርሞኑ ሲቆም ቀለሙ ይጠፋል፣ የመራባት አቅማቸውም ይጎዳል። ስለዚህ ዓሣ ስትገዙ በመጠኑ ትንሽ ሆኖ ቀለሙ የጎላውን ተጠራጠሩ፤ ሻጩንም ምን ሲመግበው እንደቆየ ጠይቁት።