እምቦጭ ምን በልቶ ይወፍራል?

እዚህ ሐርጌሳ ሐይቅ የለም። ከተማዋን የሚከፍላት ማሮዲ ጄሕ ዝናብ ካልጣለ አሸዋ ነው፤ የብዙዎቻችን ውሃም በቦቴና በአህያ ጋሪ መጥቶ በርሜል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ታዲያ ስለ ሐይቅ ምን አስወራችሁ ትሉን ይሆናል። ከባሕር ዳርና ከጎርጎራ በኩል የመጡ ወገኖች ባሉበት የጣና ነገር መነሳቱ አይቀርም፤ ከተነሳ ደግሞ ወሬው እምቦጭ ላይ ያርፋል።

እምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ሐምራዊ አበባው ስለሚያምር ሰው ለጌጥ እያለ በዓለም አዳረሰው። እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ላይ ታየ፣ ጣና ላይ ደግሞ በ2011። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ውሃውን ከሸፈነ ታንኳ አያሳልፍም፣ መረብ ይይዛል፣ ከሥር ያለውን ዓሣ አየር ያሳጥረዋል።

ግን ምን በልቶ ነው እንዲህ የሚወፍረው? ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ገበሬው ለማሳው የሚገዛው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ማለት ነው። በክረምት ጎርፍ አፈሩን ከነማዳበሪያው ጠርጎ ሐይቅ ይከተዋል። ከተማም የራሷን ትጨምራለች፤ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የልብስ ሳሙና፣ የፋብሪካ ዝቃጭ። መገጭ የጎንደርን ቆሻሻ ይዞ ጣና ይገባል፤ እምቦጩ የበረታውም በዚያው በሰሜን ምሥራቁ ዳር ነው። የአዲስ አበባ ፍሳሽ ደግሞ በአቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽን ተቀላቅሎ ቆቃ ይወርዳል። ሁለቱም ግድቦች እምቦጭ አላጣቸውም።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጣናን ለማጽዳት የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆ ሕዝቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ያንን ድካም አናናንቅም። ነገር ግን የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ምግቡ ከላይ እየጎረፈለት የተነቀለው ቦታ መልሶ ቢለብስ ምን ይገርማል? ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቅጠሉን የሚበሉ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ተለቀው ብዙ ቀንሶ ነበር። እሱም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም፣ ተመልሶ መጥቷል። ስለዚህ እኛ የምንለው፣ ነቃዩ የሐይቁ ዳር ሰው ብቻ ከሆነና ጎንደርና አዲስ አበባ ፍሳሻቸውን ካላጣሩ ሥራው አያልቅም።

በርሜላችንም ትንሽ ሐይቅ ነው። ፀሐይ ካገኘውና ቆሻሻ ከገባበት አረንጓዴ ያወጣል። አረንጓዴው ሁሉ መርዝ አይደለም፤ የቆቃን ውሃ የሚያቀልመው ዓይነት ግን ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው፣ በዓይን አይቶ መለየትም አይቻልም። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ይህን መርዝ አያጠፋም። ስለዚህ ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ለመጠጥም ለሕፃን ወተት መበጥበጫም አታድርጉት። ድፉትና በርሜሉን ፍቃችሁ እጠቡ፣ ከዚያ ጥላ ሥር አድርጋችሁ ክደኑት።