ትንሹ ሴንሰርና የተሸሸገው እንከን

በጂዳ ሐራጅ የተገዛ አንድ የ1980ዎቹ ቢ.ኤም.ደብሊው 528አይ በባሕሩ ዳርቻ ሙቀት ውስጥ እንከን የሌለው መስሎ ይሄዳል። ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ይነሣል፤ ጥቁር ጭስ አያወጣም፤ የዳሽቦርዱ የሙቀት መርፌም ከመካከሉ አያልፍም። ባለቤቱ በብርዱ ወራት ቤተሰቡን ይዞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው አብሃ ሲወጣ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ከፈጅር ሶላት በኋላ ሞተሩ ይነሣና ጥቂት ሰከንዶች እንኳ ሳይቆይ ይጠፋል። ደግሞ ይነሣል፣ ደግሞ ይጠፋል። በመጨረሻ ባትሪው ይደክማል።

አሮጌ መኪና ለያዘ ሰው እንዲህ ያለው ማለዳ እንግዳ አይደለም። ጥርጣሬው በመጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ ካንዴላው ላይ፣ ከዚያም የቤንዚን ፓምፑ ላይ ያርፋል። ሦስቱም ይቀየራሉ፤ ገንዘቡ ይወጣል፤ መኪናው ግን በማግሥቱም እንደዚያው ነው። ጥፋቱ ያለው ከአውራ ጣት በማይበልጥ የናስ ዕቃ፣ ይኸውም የሞተሩን የውሃ ሙቀት ለኮምፒውተሩ በሚናገረው ሴንሰር ዘንድ ነው።

የዕቃው ሥራ ቀላል ነው። በካርቡሬተር ዘመን ብርድ ሲሆን አሽከርካሪው ቾኩን ስቦ ቤንዚኑን ያበዛ ነበር። የጀርመኑ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1967 ዲ-ጀትሮኒክ የተባለውን በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ሥርዓት በቮልስዋገን 1600 ላይ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ይህ የእጅ ሥራ ወደ ኮምፒውተሩ ተዛወረ። 528አይ የሚሠራበት ኤል-ጀትሮኒክም የዚያው ቤተሰብ ታናሽ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ሙቀትን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ከሴንሰሩ የሚደርሰውን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ያምናል። በሴንሰሩ ጫፍ ውስጥ ያለው ቁስ ሲሞቅ ተቃውሞው ይቀንሳል። ማይክል ፋራዴይ ይህን ጠባይ በብር ሰልፋይድ ላይ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1833 ነበር።

በዚህ ዘመን የቦሽ ሴንሰሮች ላይ ልኬቱ በ0 ዲግሪ ወደ 6,000 ኦም፣ በ20 ዲግሪ ወደ 2,500፣ በ40 ዲግሪ ወደ 1,200፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ወደ 300 ኦም ነው። ሽቦው ቢቆረጥ ተቃውሞው ወሰን ያጣል፤ ኮምፒውተሩም በነሐሴ ጂዳ መካከል የሳይቤሪያ ብርድ የገባ ይመስለዋል። ቤንዚኑን ያበዛዋል፤ ጥቁር ጭስ ይከተላል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት እያጠበ ሞተሩን ያስረጃል። ሴንሰሩ ውስጥ ለውስጥ ከተገናኘ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ኮምፒውተሩ የሞቀ መስሎት ተጨማሪ ቤንዚን ይነፍገዋል።

የአብሃው ማለዳ ምስጢር እዚህ ላይ ይፈታል። በኤል-ጀትሮኒክ መኪኖች ላይ ለማስነሻ ብቻ የሚረጭ፣ በራሱ የሙቀት ማብሪያ የሚታዘዝ ሌላ መርጫ አለ። ሞተሩን የሚያስነሣው እርሱ ነው። ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ ኃላፊነቱ ወደ ኮምፒውተሩ ሲያልፍ፣ ኮምፒውተሩ በሐሰተኛው ሴንሰር ተታሎ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይጠፋል። በጂዳ ለቆመ መኪና ከ35 ዲግሪ በማይወርድ ቀን እውነተኛው ንባብ ወደ 1,400 ኦም ስለሚሆን የውሸቱ 300 ኦም እምብዛም አይርቅም። በአብሃ ብርድ ግን እውነቱ ወደ 4,000 ኦም ይጠጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዳሽቦርዱን መርፌ ምስክር አድርጎ ሲያቆም ነው። መርፌው የሚሰማው ሌላ ሴንሰር ነው። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሞተሮች ላይ ሁለት ወይም ሦስት ተመሳሳይ የናስ ዕቃዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ለመርፌው፣ አንዱ ለኮምፒውተሩ፣ ሌላው ለማራገቢያው። ባለ አንድ ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ የመርፌው ነው፤ የኮምፒውተሩ ባለ ሁለት ሽቦ ነው። የተሳሳተውን ቀይሮ «አዲስ አስገብቼበታለሁ» ያለ መካኒክ አልዋሸም፤ መኪናው ግን አልዳነም።

ስለዚህ ከመቀየር በፊት መለካት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ በአሜሪካ ግዴታ እንደሆነው ወጥ የመመርመሪያ ሶኬት በእነዚህ መኪኖች ላይ የለም፤ ተራ ቴስተር ግን ይበቃል። መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ የሴንሰሩ ሶኬት ተነቅሎ ይለካል፤ ከዚያም ሞተሩ ሲሞቅ ይደገማል። ቀጥሎ ልኬቱ በኮምፒውተሩ በኩል ባለው ሶኬት ላይ መደገም አለበት። ይህን እርምጃ የሚዘልሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በባሕር ዳር እርጥበት የዛገ ሶኬት ወይም በሙቀት የተሰባበረ የሽቦ ልባስ ጤነኛውን ሴንሰር ሐሰተኛ ሊያስመስለው ይችላል።

መቀየሩ ራሱ ከባድ አይደለም፤ ጥድፊያ ግን ያቃጥላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ ስለሚያደርግ፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የከፈተ ሰው ፊቱን ለእንፋሎት ይሰጣል። ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃው ከሴንሰሩ በታች እስኪወርድ ይቀነሳል፤ አሮጌው ቀስ ተብሎ ይፈታል፤ ናሱ በአሉሚኒየሙ ቴስታታ ውስጥ እንዳይሰበር አዲሱ በልክ ይጠብቃል። በባለ አንድ ሽቦው ላይ ነጭ ቴፕ መጠቅለል አይገባም፤ ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በጥርሱ በኩል ነውና። በመጨረሻም አየሩ ይወጣል፤ ጫፉ በአየር ውስጥ የቀረ ሴንሰር አዲስ ቢሆንም ይዋሻል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ብርድ የለም ብሎ ባዶ ውሃ የሚሞላም አለ። ያ የተለየ ፈሳሽ የሚጨመረው ለበረዶ ብቻ አይደለም፤ ዝገትንም ይከላከላል።

ወደ ጂዳው መኪና ስንመለስ፣ ሶኬቱ ሲነቀል አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው የተበላሸ ሴንሰር አይደለም። በጥቁር ፕላስቲክ የተጠቀለለ ባለ 300 ኦም ተቃዋሚ፣ ማለትም ዋጋው ከቁራሽ ዳቦ ያነሰ የሬዲዮ መለዋወጫ በሽቦው ላይ ተበይዶ ይገኛል። ሴንሰሩ ተቆርጦ መኪናው ሲጨስ፣ ሻጩ ወይም መካኒኩ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ «ሞቋል» የሚል ወሬ እንዲሰማ አድርጓል። ጭሱ ጠፋ፤ መኪናው ተሸጠ።

ይህ ከመካኒክነት ወደ ፊቅህ የሚያሻግር ጉዳይ ነው። የሚያውቁትን እንከን ሸሽጎ መሸጥ ሐራም መሆኑ ላይ ሊቃውንት አይለያዩም። በኡስማንያው መጀላ አንቀጽ 338 መሠረት እንከን ማለት በነጋዴዎችና በአዋቂዎች ዘንድ ዋጋን የሚቀንስ ነገር ነው፤ የተበየደው ተቃዋሚም በየትኛውም መካኒክ ሚዛን ከዚህ አያመልጥም። በመኪና ሐራጅ የሚሰማው «የብረት ክምር ነው የምሸጥልህ» የሚለው አዋጅ ሻጩን ነፃ ያወጣል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። ኢብኑ ተይሚያ የመረጡት አቋም፣ እንከኑን እያወቀ የሸሸገ ሰው በእንዲህ ያለው ቅድመ ሁኔታ ነፃ አይወጣም የሚል ነው።

ገዢውም ጊዜውን ማወቅ አለበት። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች በሚከተሉት ሻፊዒይ መዝሀብ እንከን ያለበትን ዕቃ የመመለስ መብት፣ ኺያር አል-ዐይብ፣ እንከኑ እንደታወቀ ወዲያውኑ ሊነሣ ይገባል። በመጀላው አንቀጽ 344 ደግሞ እንከኑን ካወቀ በኋላ ዕቃውን ለሽያጭ ያቀረበ ሰው መብቱን ያጣል። በአብሃ ማለዳ ተቃዋሚውን ያገኘ ባለ መኪና ስለዚህ ነቅሎ ከመጣሉ በፊት በቦታው እንዳለ ፎቶ ያንሣው፤ ለሻጩም በዚያው ዕለት ይደውል።