ሳተላይቷን ማን ፈቀደ?

አቃቂ ቃሊቲ ክረምት ሲገባ ወሬው ሁሉ የወንዝ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ጎርፍ ከነፍሳሹ ሰብስበው ወደ ደቡብ ይወርዱና አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። እንጦጦ ተራራ ላይ የጣለው ዝናብ ሰዓታት ቆይቶ የወንዝ ዳር ነዋሪውን ደጃፍ ያንኳኳል፤ በመስኖ የለማውን ጎመንና ቆስጣም ጠራርጎ ይሄዳል።

“ሀገሪቱ ሳተላይት አምጥቃ የለም እንዴ? ታዲያ ጎርፉን ለምን አታይልንም?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር የዋህ ሊባል አይገባውም። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 የተገጠመላት መሣሪያ እንደ ማንኛውም ካሜራ የፀሐይ ብርሃን ይፈልግ ነበር። ደመና ከጋረደ የምታየው የደመናውን ጀርባ ብቻ ነበር፤ ጎርፍ ደግሞ የሚመጣው ሰማዩ በጠቆረ ቀን ነው። ደመና አልፎ የሚያይ ራዳር የጫኑ ሳተላይቶች አሉ፣ ዋጋቸው ግን ከበድ ይላል። ታዲያ ካሜራ ይሁን ራዳር፣ ለእርሻ ይሁን ለጎርፍ፣ ዕድሜዋ ሲያበቃ ተተኪ ይኑራት አይኑራት የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? ጥያቄው ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው ይመስላል እንጂ መነሻው ሕግ ነው።

ሕጉን ለማግኘት ወደ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ መሄድ ያስፈልጋል። ጋዜጣ ይባል እንጂ ዜና የለበትም። ገጹ ለሁለት ተከፍሎ በግራ አማርኛ በቀኝ እንግሊዝኛ ይሰለፍበታል፤ ከፊት ገጹ ላይ “ያንዱ ዋጋ” የሚል ቦታና የፖስታ ሣጥን ቁጥር 80001 ይታያል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሁለቱ ቅጂዎች ከተጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው ይላል። ስለዚህ የኢትዮጵያ የጠፈር ሕግ ሙግት ቢነሳበት ዳኛው የሚያነበው የግራውን ዓምድ ነው።

በዚሁ ጋዜጣ ነው በ2009 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 393 የወጣው። ደንቡ የኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። ከዚያ በፊት ሰማይን የማየቱ ሥራ በአብዛኛው የፈቃደኞች ነበር። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ለዓመታት ሲወተውት ቆይቶ፣ በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ድጋፍ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ተገነባ፤ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖችም ተተከሉለት። ቴሌስኮፖቹ ከደንቡ ቀድመው ተራራው ላይ ነበሩ ማለት ነው። በዚህ አገር ሥራ ከሕግ ሲቀድም የመጀመሪያው አይደለም።

የማቋቋሚያ ደንብ የሚባለው የሕግ ዓይነት መልኩ የታወቀ ነው። መሥሪያ ቤቱ ራሱን የቻለ የሕግ ሰውነት ይሰጠዋል፤ ተጠሪነቱ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ፣ ዓላማው ይነገራል፤ “ሥልጣንና ተግባር” በሚለው ክፍል ደግሞ ጥናት ያካሂዳል፣ ያስተባብራል፣ የሰው ኃይል ያፈራል የሚሉ ግሦች ይደረደራሉ። በጀቱ ከመንግሥት እንደሚመደብና ሒሳቡ እንደሚመረመር ይጠቀሳል፣ መጨረሻ ላይ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና እንደሚሆን ይገለጻል። የቡና ምርምርም፣ የመንገድም፣ የጠፈርም መሥሪያ ቤት የሚቋቋመው በዚህ አጻጻፍ ነው። በዚህ ዓይነት ደንብ ውስጥ “በዚህ ዓመት ይህን ዓይነት ሳተላይት ያመጥቃል” የሚል አንቀጽ አይፈለግም። ደንቡ ቤት ይሠራል፤ ከቤቱ ወጥቶ የት እንደሚኬድ የሚወሰነው ሌላ ቦታ ነው።

አሜሪካኖች የሄዱበት መንገድ የተለየ ነው። ናሳን የወለደው ሕግ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1958 ተፈረመ፣ መሥሪያ ቤቱም በዚያው ዓመት ጥቅምት 1 ሥራ ጀመረ። ኮንግረሱ ግን አቋቁሞ ዞር አላለም። በየተወሰነ ጊዜ የፈቃድ ሕግ የሚባል እያወጣ የትኛው ፕሮግራም እንዲቀጥል፣ የትኛው እንዲጀመር፣ እስከ ስንት ገንዘብ እንዲወጣበት ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. የ2010ሩ ሕግ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ቢያንስ እስከ 2020 እንዲቆይ አዘዘ። እዚያ ላይም አላበቃም፣ ናሳ አዲስ ግዙፍ ሮኬት እንዲሠራ፣ ሮኬቱም ሲጀምር ከ70 እስከ 100 ቶን ወደ ምድር ቅርብ ምሕዋር ማንሳት እንዲችል በአንቀጽ አስቀመጠ። የሕግ አውጪ የሮኬት ጉልበት በቶን ሲለካ ያየ ተቺ ዝም አላለም፤ ኤስኤልኤስ የተባለውን ይህን ሮኬት “የሴኔት ሮኬት” እያለ ተረበው።

ሆኖም ፈቃድ ገንዘብ አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ በአንድ ሕግ ይፈቅዳል፣ በሌላ ሕግ ይመድባል። ያው የ2010 ሕግ ለ2012 በጀት ዓመት 19.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈቅዶ ነበር፤ ሲመደብ ግን 17.8 ቢሊዮን ሆነ። ያም ሆኖ የፈቃድ ሕጉ አንድ ጥቅም አለው። አንድ ፕሮግራም ሲቀር ወይም ሲዘገይ “ሕጉ ይህን ብሎ ነበር” ብሎ የሚሞግት ሰው መያዣ ያገኛል።

ወደ እኛ ስንመለስ መያዣው በብዙ ቦታ የተበተነ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. የስፔስ ፖሊሲ አጸደቀ፤ ፖሊሲ አቅጣጫ ያሳያል፣ ፍርድ ቤት ግን አይቆምበትም። የፌዴራል በጀትን የሚያጸድቀው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ አርቅቆ የሚያቀርበው በአንቀጽ 77 መሠረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት። የትኛዋ ሳተላይት በየትኛው መሣሪያ ትሠራ የሚለው ዝርዝር ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ዕቅድና ከውጭ አገር ጋር በሚደረግ ስምምነት ውስጥ ይገባል።

ኢቲአርኤስኤስ 1 የመጣችው በዚህ በሦስተኛው በር ነው። ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን 6 ሚሊዮኑን የሸፈነችው ቻይና ናት። ሀያ አንድ ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ከቻይና ባልደረቦቻቸው ጋር ሠርተውባታል። ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ከታይዩዋን ማምጠቂያ ጣቢያ ስትነሳ እንጦጦ ላይ ባለሥልጣናትና ተመራማሪዎች ተሰብስበው በቀጥታ ይከታተሉ ነበር፤ የመቆጣጠሪያ ጣቢያዋም እዚያው ነው። የታቀደላት ዕድሜ 2 ዓመት ነበር። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ክብደቷ 10 ኪሎ የማይሞላ ኢቲ ስማርት አርኤስኤስ የተባለች ሁለተኛ ሳተላይት ከዌንቻንግ ተከተለች።

አንዱን ጠቀሜታዋን ለማየት ከአቃቂ ራቅ ማለት አያስፈልግም። አባ ሳሙኤል ላይ የተንጣለለው እንቦጭ ከቅርብ ሲታይ አረንጓዴ ምንጣፍ ነው። እንደ ኢቲአርኤስኤስ 1 ያሉ ሳተላይቶች ግን ሰው የማያየውን ቅርብ ታህታይ ቀይ ብርሃንም ይቀበላሉ፤ ሕያው ቅጠል ይህን ብርሃን አብዝቶ ያንጸባርቃል፣ ውኃ ደግሞ ውጦ ያስቀረዋል። በምስሉ ላይ እንቦጩ ደምቆ ውኃው ጠቁሮ ይለያል፤ የዘንድሮውን ከአምናው አስተያይቶ አረሙ ስንት ሄክታር እንደያዘ ማስላት ይቻላል። የቦሌ አራብሳና የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች የእርሻ መሬቱን እንዴት እንደሸፈኑትም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ታዲያ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ሲጠራ ነው። ነሐሴ ላይ ካሜራዋ ዕረፍት ላይ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር እንደገና በወሰነው አዋጅ ቁጥር 1263 ዘመን ቤቱ ራሱ ተለወጠ። የጠፈሩ ኢንስቲትዩት ከ1940ዎቹ ጀምሮ የአገሪቱን ካርታ ሲሠራ ከኖረው መሥሪያ ቤት ጋር ተዋሕዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ተባለ። ጋብቻው ትርጉም አለው። ሳተላይት ምስል ታመጣለች፣ ምስሉን ወደ ካርታ የሚቀይረው የካርታው ወገን ነው፤ በከተማ የይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 መሠረት ለሚሠራው የይዞታ ካርታም ቢሆን የመለኪያ ነጥብ ያስፈልጋል። ግን ሌላም ነገር ያሳያል። በማቋቋሚያ ደንብ የተሠራ ቤት በሌላ ሕግ በአንድ ጊዜ ሊፈርስና ሊቀላቀል ይችላል፤ ውስጡ የነበረው ፕሮግራም አብሮ ይሻገር አይሻገር የሚመልሰው የሥራ ኃላፊው ዕቅድ ነው።

የጠፈር ሥራ በአንድ መሥሪያ ቤት ደንብ እንደማይጨረስ ለማየት ሬዲዮን ማንሳት ይበቃል። አቃቂ ለዚህ የአገሪቱ ሁሉ ታላቅ ናት፤ የጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ የሠራው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ጣቢያ እዚህ ነበር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሊጀመር ሲል ለውጭው ዓለም የተናገሩት በእሱ ነው። ሞገድ ድንበር ስለማያውቅ አገሮች ይከፋፈሉታል፤ ኢትዮጵያ የዓለም ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትን የተቀላቀለችው በ1932 እ.ኤ.አ. ነው። እንጦጦ ያለው ጣቢያ ከሳተላይት ጋር የሚነጋገርበት ፍሪኩዌንሲም በዚሁ ሥርዓት ያልፋል። አገር ውስጥ ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተሰጠ ነው። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ በ1967 እ.ኤ.አ. የፈረመችው የውጫዊ ጠፈር ስምምነት አንቀጽ 6፣ የግል ድርጅት በጠፈር ለሚሠራው ሥራ አገሩ ፈቃድ መስጠትና ያለማቋረጥ መቆጣጠር እንዳለበት ይደነግጋል። ነገ አንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ ትንሽ ሳተላይት ላምጥቅ ብሎ ቢመጣ ይህ አንቀጽ ጥያቄ መሆኑ አይቀርም።

የሌሎች የአፍሪካ አገሮችም መንገድ የተለያየ ነው። ደቡብ አፍሪካ የጠፈር ኤጀንሲዋን በ2008 እ.ኤ.አ. ፓርላማዋ ባወጣው ሕግ መሠረተች፤ ግብፅም በ2018 በሕግ ቁጥር 3። ኬንያ በ2017 እንደ እኛው በአስፈጻሚው ትእዛዝ አቋቋመች። የአፍሪካ የጠፈር ኤጀንሲ መተዳደሪያ በአፍሪካ ኅብረት ጸድቆ፣ ኢትዮጵያም ከአስተናጋጅነት ተወዳዳሪዎች አንዷ ሆና፣ መቀመጫው በ2019 እ.ኤ.አ. ለግብፅ ተሰጠ፤ ኤጀንሲው በይፋ የተከፈተውም በሚያዝያ 2025 ካይሮ ላይ ነው።

በክረምት የአቃቂን ጎርፍ ከላይ ማየት የሚፈልግ ባለሙያ ዛሬ የሚጠቀመው በአብዛኛው የሰው አገር ሳተላይት ነው። የአውሮፓው ኮፐርኒከስ ፕሮግራም ሴንቲነል 1 የተባሉ የራዳር ሳተላይቶች አሉት፤ ደመናም ሌሊትም አያግዳቸውም፣ ምስሎቻቸውንም ኢንተርኔት ያለው ሰው ሁሉ በነፃ ያወርዳል። ነፃ የሆነው በቸርነት ሳይሆን በሕግ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት መረጃው ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ደንግጓል። በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጠፈር ፕሮግራም ሕግ ደግሞ እስከ 2027 ድረስ 14.88 ቢሊዮን ዩሮ ሲመድብ ከዚህ ውስጥ 5.42 ቢሊዮኑን ለኮፐርኒከስ ለይቶ ጽፏል። በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ሴንቲነል 1 ቢ በኃይል አቅርቦት ብልሽት ምስል መላክ አቆመች። ተተኪዎቹ አስቀድመው በፕሮግራሙ ውስጥ ስለነበሩ ሥራቸው እየተካሄደ ነበር፤ የማምጠቂያ ሮኬቶቹ መዘግየት ነገሩን ቢያጓትተውም ሴንቲነል 1 ሲ በታኅሣሥ 5 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ወደ ምሕዋር ወጣች።