በውኃ የሰጠመችው ጤና አዳም

ልጆች ሆይ፥ በቤት ውስጥ በጣሳ ተተክሎ የሚያድግ ተክል ሲታመም አይጮኽም፤ ቅጠሉን በማጠውለግ ብቻ ይናገራል። እኔ በልጅነቴ ይህን ንግግር ሰምቼ ትርጓሜውን ስቻለሁ።

አያቴ በመስኮት ደፍ ላይ በቆርቆሮ ጣሳ የተከሏት አንዲት ጤና አዳም ነበረቻቸው። ከእናታቸው ጓሮ ተቈርጣ የመጣች ናት፤ እናታቸው ሞተዋል፥ ጓሮውም የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። በሐምሌ መጀመሪያ አያቴ ለለቅሶ ወደ ገጠር ሲሄዱ፥ «ልጄ፥ አደራህን፤ ጤና አዳሜን ጠብቅልኝ» አሉኝ። እኔም አደራውን ለመፈጸም ጧትና ማታ አጠጣኋት። በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፤ ጫፏም ዘመመ። የተጠማች መስሎኝ ውኃውን ጨመርሁ። ባጠጣኋት ቍጥር ባሰባት። በመጨረሻም እያፈርሁ ጎረቤታችን የነበሩትን ሽማግሌ አትክልተኛ ጠራኋቸው።

ሽማግሌው ጣታቸውን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ በአፈሩ ውስጥ አገቡ፤ አውጥተውም አሸተቱት። «ይህች ጠምቷት አይደለም፤ ሰጥማ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደኅና አፈር ድፍን አይደለም፤ በቅንጣቶቹ መካከል ጥቃቅን ክፍት ቦታ አለ፥ በዚያም አየር ይገኛል። ሥርም ውኃ መጠጣት ብቻ ሳይሆን ይተነፍሳል። ሶሱር የሚባል የጄኔቫ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1804 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሥራቸው አየር ያጣ ችግኞች እንደሚሞቱ በፈተና አስረድቶአል። ውኃ ያለ ልክ ሲፈስና መውጫ ሲያጣ ያን ክፍት ቦታ ሁሉ ይሞላዋል፤ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውኃ ሊስብ አይችልም፤ ስለዚህ ቅጠሉ በውኃ መካከል ሳለ ይጠወልጋል።

የተጠማውና የሰጠመው ከላይ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ የሚለዩት በአፈሩ ነው። የተጠማው አፈሩ ደረቅ፥ ጣሳውም ሲያነሡት ቀላል ነው። የሰጠመው ግን አፈሩ ጭቃ ነው፤ ጣሳው ይከብዳል፥ የረግረግም ሽታ ይሸታል። የእኛ ጣሳ ከታች ቀዳዳ አልነበረውም። አያቴ ይህን ስለሚያውቁ በስኒ ለክተው ያጠጧት ነበር፤ እኔ ግን በማንቆርቆሪያ አፈሰስሁባት። በዚያ ላይ ጊዜው ክረምት ነው፤ ፀሐይ በጠፋበት ወራት አፈር ቶሎ አይደርቅም፥ ተክልም ጥቂት ብቻ ይጠጣል።

ሽማግሌው ጣሳውን በጎኑ አጋደሙና ተክሏን ቀስ ብለው ከነአፈሯ አወጧት። አፈሩን አራግፈው ሥሯን አሳዩኝ። ደኅናው ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ግን ጠቍሮአል፥ በጣት ሲይዙትም ቅርፊቱ ይላቀቃል። ምላጭ በእሳት አሳልፈው የበሰበሰውን ሁሉ ቈረጡ። የቀረው ሥር ከግማሽ ያንስ ነበርና አለቀስሁ። ቀጥለው ቅርንጫፎቿን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ፤ ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ የሆነው ሕያው ነው፥ ቡናማና ደረቅ የሆነው ሙት ነው። ሙቱን ቈረጡ፤ ከሕያውም ጥቂት ቀነሱ፥ ጥቂት ሥር ብዙ ቅጠል ሊያጠጣ አይችልምና። ከተቈረጡት ሕያዋን ጫፎች ሁለቱን በእርጥብ አሸዋ ተከሉና፥ «እናቲቱ ብትሞት ልጂቱ ትተርፋለች» አሉኝ።

ጤና አዳም የምትቈርጡ ልጆች አንድ ነገር ዕወቁ፤ ጭማቂዋ በእጅ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ቢያገኘው ቆዳን ያቈስላል። ስለዚህ እጃችሁን ወዲያው በሳሙና ታጠቡ።

ከዚህ በኋላ የጣሳውን ታች በምስማር አምስት ቦታ በሱት። አሮጌውን አፈር ጥለው፥ ሁለት እጅ አዲስ አፈር ከአንድ እጅ የወንዝ አሸዋ ጋር ቀላቅለው ተከሏት፤ ውኃው ከታች እስኪወጣ ድረስም አንድ ጊዜ ብቻ አጠጧት። እኔ ፍግ ላምጣላት ብል ከለከሉኝ፤ የቈሰለ ሥር ማዳበሪያ አይችልም፥ አዲስ ቅጠል እስክታወጣ ድረስ ይቆይ አሉ። ጠንካራ ፀሐይም እንዳያገኛት ብርሃን ካለበት ጥላ ሥር አኖሯት።

ከሥራው ሁሉ የከበደኝ ምንም አለማድረግ ነበር። በየቀኑ ጣቴን በአፈሩ አገባለሁ፤ እርጥብ ከሆነ እተዋታለሁ። ሁለተኛ ያጠጣኋት ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ቢጫ የሆነው ቅጠል ተመልሶ ይለመልማል ብዬ ስጠብቅ ረገፈ፤ ቢጫ ቅጠል ዳግመኛ አረንጓዴ አይሆንምና፥ መዳን የሚታወቀው በአዲሱ ቅጠል ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ጨርሶ ደረቀ። በአራተኛው ሳምንት ግን በሌላው ላይ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህል አረንጓዴ እንቡጥ አየሁ።

አያቴ በነሐሴ መጨረሻ ሲመለሱ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ጣሳውን አንሥተው የታችኛውን ቀዳዳ አዩ፥ ምንም አልተናገሩም። ቡና ሲፈላ እንደ ልማዳቸው ቅጠል ሊቀጥፉ እጃቸውን ወደ መስኮቱ ዘረጉ፤ ከዚያም እጃቸውን መለሱ። ያን ቀን ቡናውን ያለ ጤና አዳም ጠጡ።