የማይንዝ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሰማያዊ መስኮቶች

በጦርነት ወይም በእሳት የተጎዳ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ፣ የጠፋው ቅርስ በቀድሞ መልኩ ይተካ ወይስ የዘመኑ ሰው አዲስ ሥራ ይግባበት የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጉዳዩ የአብያተ ክርስቲያናት ጥገና ለሚያሳስበን ሁሉ ቅርብ ስለሆነ፣ በዚህ እትም በጀርመን ሀገር በማይንዝ ከተማ የተሰጠውን መልስ እንመለከታለን።

የማይንዝ ቅዱስ እስጢፋኖስ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሊቀ ጳጳስ ቪሊጊስ የተመሠረተ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን ድብደባ ክፉኛ ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1973 የደብሩ አስተዳዳሪ ካህን ክላውስ ማየር፣ መስኮቶቹን እንዲሠሩላቸው ለሠዓሊው ማርክ ሻጋል ደብዳቤ ጻፉ። ልመናው ቀላል አልነበረም። ሻጋል አይሁዳዊ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ናዚዎች ከያዟት ፈረንሳይ ወደ አሜሪካ ተሰድደዋል። ካህኑም አባታቸው አይሁዳዊ ስለነበሩ የዚያን ዘመን መከራ በሩቅ የሰሙት አይደለም።

የመጀመሪያው መስኮት እ.ኤ.አ. በ1978 ሲተከል ሠዓሊው የ91 ዓመት አረጋዊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 እስካረፉ ድረስ ለዚህች ቤተ ክርስቲያን ዘጠኝ መስኮቶች ሠርተዋል። ከተሣሉት ታሪኮች አንዱ አብርሃም ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል ያሳያል፤ እኛ ሐምሌ 7 ቀን በሥላሴ በዓል የምናስበው ታሪክ ነው። አይሁዳዊው ሠዓሊና ክርስቲያኑ ምእመን በአንድነት ሊያነቡት የሚችሉት ታሪክ መመረጡ በአጋጣሚ አይመስለንም።

የባለቀለም መስታወት ሥራ በአፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌን ሥራ ላየ ሰው እንግዳ አይደለም፤ አሠራሩ ግን ብዙ ጊዜ በተራ መስታወት ላይ እንደሚቀባ ቅብ ይታሰባል። እንዲህ አይደለም። ቀለሙ መስታወቱ በሚቀልጥበት ጊዜ ከሚጨመር የብረት ነክ ማዕድን ይገኛል፤ ሰማያዊውን የሚሰጠው ኮባልት ነው። በሬምስ ከተማ በነበረው የመስታወት ሥራ ቤት ባለሙያው ሻርል ማርክ፣ ስስ ባለቀለም ሽፋን ያለውን መስታወት በአሲድ እያስበሉ ቀለሙን ያሳሱታል። ስለዚህ በአንድ ቁራጭ ላይ ጥቁር ሰማያዊው ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ሊደርስ ይችላል። ከዚያም ሻጋል ፊትንና ክንፍን በጥቁር ቀለም በገዛ እጃቸው ይሥላሉ፤ ቀለሙ በምድጃ ሲተኮስ ከመስታወቱ ጋር ይዋሐዳል። በመጨረሻም ቁራጮቹ በእርሳስ ማሰሪያ ይያያዛሉ።

በውስጥ የሚታየው ብርሃን ሰማያዊና ረጋ ያለ ነው። ለጸሎት ይመቻል፤ ዳዊት ለሚደግም ሰው ግን ሳያንስ አይቀርም።

እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ከሠዓሊው ዕረፍት በኋላ የሆነው ነው። ማርክ ለቀሩት የቤተ ክርስቲያኑ ክፍሎች እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ድረስ 19 መስኮቶች ሠሩ። ሆኖም የወዳጃቸውን ቅዱሳንና መላእክት ለመቅዳት አልሞከሩም። ሰማያዊውን ቀለም ብቻ ወስደው፣ ቀለል አድርገው፣ ያለ ሰው ምስል ተዉት፤ የሚገባ ሰው ዐይኑ ሳይከፋፈል ወደ መሠዊያው መስኮቶች እንዲያመራ።