የሐረርን ዙሪያ በቶፖግራፊክ ካርታ ማንበብ

ቶፖግራፊክ ካርታ የመሬትን ከፍታና ዝቅታ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ በመስመር ያሳያል። ለሐረርና ለአካባቢዋ የሚያገለግለው በ1፡50,000 መስፈርት የተዘጋጀው ካርታ ነው፤ በዚህ ካርታ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የሐረርን አሮጌ ከተማ የሚከበውና 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የጀጎል ግንብ ዙሪያው በካርታው ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የጀጎልን ጠባብ መተላለፊያዎች በዚህ መጠን ማሳየት አይቻልም፤ ከግንቡ በሮች አንዱን አርጎ በሪን ለሚፈልግ እንግዳ ሰው መጠየቁ ይሻላል። ካርታው የሚጠቅመው ከግንቡ ውጭ ላለው ገጠር ነው።

ዋናው ምልክት ኮንቱር የሚባለው ቡናማ መስመር ነው። አንድ መስመር የሚያልፍባቸው ቦታዎች ሁሉ ከባሕር ወለል በላይ እኩል ከፍታ አላቸው። በሁለት ተከታታይ መስመሮች መካከል የ20 ሜትር ልዩነት አለ፤ በየ100 ሜትሩ ያለው ወፈር ብሎ ይሰመራል። መስመሮቹ ሲራራቁ ሜዳ፣ ሲጠጋጉ ዳገት ነው። በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ አምስት ክፍተቶች ከተቆጠሩ መሬቱ በ500 ሜትር ርቀት 100 ሜትር ወጥቷል ማለት ነው፤ ይህ 20 በመቶ ዳገት ጭነት ለያዘ አህያም ቀላል አይደለም።

ከሐረር በስተ ምሥራቅ ያለው የቁንዱዶ ተራራ ለዚህ ንባብ ጥሩ መለማመጃ ነው። ቁንዱዶ አናቱ ሜዳ የሆነ አምባ ነው፤ የዱር ፈረሶቹ የሚግጡትም እዚያው ላይ ነው። ጠርዙ ገደል ስለሆነ መስመሮቹ እዚያ ተጣብቀው አንድ ወፍራም ቀለበት ይመስላሉ፤ ቀለበቱን ካለፉ በኋላ ወረቀቱ ድንገት ባዶ ይሆናል። ጀማሪ አንባቢ ይህን ባዶ ቦታ ያልተለካ መሬት አድርጎ ይወስደዋል፤ እውነቱ ግን አናቱ ሜዳ መሆኑ ነው። ከባቢሌ ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ የሚታዩት የዳካታ ሸለቆ የድንጋይ ዓምዶች ደግሞ የተገላቢጦሽ ናቸው። ለዓይን እጅግ ይገዝፋሉ፤ ቁመቱ ከ20 ሜትር በታች የሆነ ዓምድ ግን በሁለት መስመሮች መካከል ተሰውሮ ሊቀር ይችላል።

ወንዝ ሲያቋርጡ መስመሮቹ ይታጠፋሉ፤ የእጥፋቱ ሹል ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ወንዙ ምንጭ ያመለክታል። በጋራ ትከሻ ላይ ግን ሹሉ ወደ ቁልቁለቱ ነው። የተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር በክረምት ብቻ የሚፈስ ጅረት ነው። በዚህ መንገድ ጅረቶቹን የተከተለ ሰው ከሐረር ወደ ደቡብ የሚወርደው ውኃ በኤረር በኩል ወደ ዋቢ ሸበሌ እንደሚሄድ፣ ከድሬዳዋ በኩል ያለው ደግሞ ወደ ሰሜን ቆላ እንደሚወርድ ይረዳል።

ቦታን በካርታው ላይ በተሰመረው ፍርግርግ ቁጥር ለሚጠቅስ ሰው አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፍርግርጉ 37ኛና 38ኛ ዞኖች የሚለያዩት በ42 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን፣ መስመሩ ከሐረር በስተ ምዕራብ በሐረማያ አካባቢ ያልፋል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መስመሩን ሲሻገሩ ወደ ምሥራቅ የሚቆጠረው ቁጥር ከ830 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 170 ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር ዞኑን አብሮ መጻፍ ግድ ነው።